የቆዩ ግጥሞችን ስናነብ፦ ስለ ጭብጥ፣ ስለ ተናጋሪና ስለ ዘይቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎች፣ ወላጆችና ግጥም ወዳዶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ጭብጥ ምንድን ነው? ከርዕሰ ጉዳይ በምን ይለያል?

ርዕሰ ጉዳይ ግጥሙ ስለ ምን እንደሚያወራ ነው። ጭብጥ ደግሞ ስለዚያ ነገር ምን እንደሚል ነው። "ፍቅር" ርዕሰ ጉዳይ ነው። "ፍቅር የያዘው ሰው ጉዳቱን እያወቀም ወደ ኋላ አይመለስም" ግን ጭብጥ ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የጻፋችሁት ነገር ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ግስ፣ ከሌለው ገና ጭብጡ ላይ አልደረሳችሁም።

ጭብጥ የግድ ምክር አይደለም። ብዙ ተማሪ ጭብጡን ጻፍ ሲባል "ስለዚህ አገራችንን መውደድ አለብን" ብሎ ይጨርሳል። ግጥም ሁሉ አይመክርም። አንዳንዱ ያዝናል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ጥያቄ አንስቶ መልስ ሳይሰጥ ያልቃል። ሐዘኑን ሐዘን፣ ጥያቄውንም ጥያቄ አድርጎ መጻፍ ይቻላል።

ግጥሙ ውስጥ "እኔ" የሚለው ገጣሚው አይደለም እንዴ?

ሁልጊዜ አይደለም። ገጣሚው የጻፈው ሰው ነው። ተናጋሪው ደግሞ ግጥሙ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ግን ሳያጣሩ አንድ ናቸው ብሎ መነሳት አያዋጣም።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን "ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት" ውሰዱ። "እሳት ወይ አበባ" በተባለው መድበሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ የሚናገሩት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው፤ ጣሊያኖች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደሏቸው ጳጳስ። ጸጋዬ ራሱ የተወለደው በ1928 ዓ.ም. ነው። ያቺን ሰዓት በዓይኑ አላያትም። "በመጨረሻዋ ሰዓት በልባቸው ምን ይሉ ነበር?" ብሎ ነው ድምፅ የሰጣቸው።

ማንን እንደሚያናግሩም ልብ በሉ። እመ ብርሃንን ይጣራሉ፤ ኢትዮጵያ ላይ ለምን ጨከንሽ ብለው ይወቅሷታል። ጳጳስ እመቤታችንን ሲወቅስ መስማት ያስደነግጣል። የሚያስደነግጠው ደግሞ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደቆመ ስናውቅ ነው። "ገጣሚው እመቤታችንን ይወቅሳል" ብሎ ማለፍ የግጥሙን ግማሽ ጉልበት ያስቀራል።

ተናጋሪው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ በምን አውቃለሁ?

ግሱን እዩ። የአማርኛ ግስ ብዙ ይናገራል። "መጣህ"፣ "መጣሽ"፣ "መጡ" ሲል ማን ማንን እንደሚያናግር፣ አክብሮት እንዳለ፣ አንድ ይሁኑ ብዙ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ተናጋሪው "አንቱ" ሲል ቆይቶ ድንገት "አንተ" ካለ፣ እዚያ ስንኝ ላይ የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ብዙ ጊዜ ግጥሙ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው።

ለሙከራ እሹሩሩን አስቡ። ሁላችንም የእናት ዜማ አድርገን ነው የምናስበው። ግን ግጥሙ እናቲቱን "ቶሎ ነይለት" እያለ ይጣራል። እናት ራሷን አትጣራም። ስለዚህ የምትናገረው ሕፃኑን ያዘለች ሌላ ሰው ናት፤ እህት ወይም ሞግዚት ልትሆን ትችላለች። ይህን ካየን በኋላ ዜማው ማባበል ብቻ አይሆንም። የጠበቀች ልጅ ድካምም ይሰማበታል።

የዘይቤ ዓይነቶችን ሁሉ በቃሌ መያዝ አለብኝ?

የለባችሁም። አምስቱን በደንብ ካወቃችሁ አብዛኛውን ግጥም ትዘልቁታላችሁ። አንድ ሌሊትን በአምስት መንገድ እንግለጸው። "ሌሊቱ እንደ ጥቁር ጋቢ ከደነን" ካልን ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ "እንደ" አለ። "ሌሊቱ ጥቁር ጋቢ ነው" ካልን ተለዋጭ ነው፤ ማነጻጸሪያው ወድቆ አንዱ ሌላውን ሆኗል። "ሌሊቱ ጋቢውን ደርቦ ደጃችን ላይ ቆመ" ሰውኛ ነው። "ያ ሌሊት መቶ ዓመት ፈጀ" ግነት ነው። "አንተ ሌሊት፣ ምነው ዛሬስ አልነጋ አልክ?" ደግሞ እንቶኔ ነው፤ የማይመልስን ነገር እንደ ሰው ማናገር።

ስሙን ማወቅ መነሻ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ገጣሚው ለምን ይህን መረጠ? ሌሊቱ ጋቢ ከሆነ ያሞቃል። ደጃፍ ላይ ከቆመ ያስፈራል። ያው ሌሊት ነው፤ ስሜቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የድሮ ግጥም ሳነብ ቃላቱ አይገቡኝም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የቆዩ ግጥሞቻችን አብዛኞቹ ለጆሮ የተገጠሙ ናቸው። ስንኙ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አለ። ያን ቦታ ስታገኙት የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ይገለጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ፊደላችን ቃሉ ይጥበቅ ይላላ አያሳይም። "ገና" ተብሎ የተጻፈው ላልቶ ሲነበብ "ጊዜው አልደረሰም" ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። "አለ" ሲላላ "ተናገረ" ነው፤ ሲጠብቅ "ይኖራል"። "ይበላል" ሲላላ ስለ በላተኛው ነው፤ ሲጠብቅ ስለ ምግቡ። በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው አንዱን መርጦ ያልፋል። ገጣሚው ግን ሁለቱንም አስቦ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያልገባችሁን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ፤ አያት ወይም አጎት ካሉም ጠይቁ። አገር ቤት ርቀው የሚያድጉ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ምክሬ ይኸው ነው፦ ከረጅሙ ግጥም በፊት ሁለት ስንኝ በቃል አስይዟቸው። ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

ሰምና ወርቅ ከተለዋጭ ዘይቤ በምን ይለያል?

ተለዋጭ ዘይቤ አንዱን ነገር በሌላው ይገልጻል። ሰምና ወርቅ ግን ያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ሙሉ ትርጉም እንዲሸከም ያደርጋል። ላይ ላዩን የሚታየው ሰም፣ ከሥሩ የተሰወረው ወርቅ ይባላል። ሁለቱም በየራሳቸው ይቆማሉ። ማጠፊያው ኅብረ ቃል ይባላል፤ ሁለቱንም ወገን የሚያገለግለው ቃል ማለት ነው። ስልቱ ከቅኔ ቤት፣ ማለትም ቅኔ ከሚማሩበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ የመጣ ነው። በግዕዝ ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር የቅኔ ዓይነት እስከ ረጅሙ መወድስ የሚዘረፈው ቅኔ ዋና መሣሪያው ይኸው ነው። በአማርኛም አዝማሪው፣ አልቃሹና ሎሌው ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል።

በጣም የታወቀው ምሳሌ ይህ ነው፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የሃይማኖት ታሪክ ነው፦ አዳም ዕፀ በለስን በላ፤ ስለዚህ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ። ወርቁ የፍቅር ነው፦ ከንፈርሽን ቀመስኩ፤ ስለዚህ ልቤ ተሰቀለልሽ። አቀማመጡን እዩ። "ዕፀ በለስ" እና "ከንፈርሽ"፣ "መድኃኔ ዓለም" እና "ልቤ" ጥንድ ጥንድ ሆነው በየስንኛቸው ተቀምጠዋል። "ተሰቀለ" ሁለቱንም ያስተሳስራል፤ መስቀል ላይ መዋልም ነው፣ ልብ በናፍቆት መንጠልጠልም ነው።

ወርቁን ካገኘሁ በኋላ ሰሙን ልተወው እችላለሁ?

በፍጹም። ተማሪዎች ላይ አብዝቼ የማየው ችግር ይህ ነው። ወርቁ ሲገኝ "አገኘሁት!" ተብሎ ሰሙ እንደ ልጣጭ ይጣላል። የፍቅር ግጥም ነው ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

እስቲ ወደ "ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ" እንመለስ። ተናጋሪው "ከንፈርሽን ስሜ ልቤ ላንቺ ተንጠለጠለ" ለማለት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ አዳምን መጥራት አያስፈልገውም ነበር። አዳምን ስለጠራ ግን መሳሙ የመጀመሪያው ኃጢአት ሆነ። ከንፈሯ የተከለከለ ፍሬ ሆነ። ልቡ ደግሞ ራሱ ያላጠፋውን ዕዳ የሚከፍል ንጹሕ ሆነ፤ በላ የተባለው አዳም ነው፣ የተሰቀለው ግን ሌላ ነው። አፉ በላ፣ ልቡ ተሰቀለ። ይህን ሁሉ የምናገኘው ከሰሙ ነው።

ጭብጡም የሚወጣው ከሁለቱ ግጭት ነው። እኔ እንደዚህ እጽፈዋለሁ፦ "ለአንድ አፍታ የቀመሱት ደስታ ልብን ዕድሜ ልክ ያስከፍላል፤ አፍቃሪው ግን ክፍያውን እንደ ክብር ይቆጥረዋል።" የመጨረሻዋን ሐረግ የጨመርኩት ስቅለት በአማኝ ዘንድ መከራ ብቻ ሳይሆን ክብርም ስለሆነ ነው።

ፍቅርን በስቅለት መግለጽ ድፍረት አይደለም?

አንዳንድ አንባቢ ይከፋዋል፤ ስሜቱን አከብራለሁ። ግን ግጥሙ የተገጠመው ሃይማኖቱን ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው፣ ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሰዎች ነው። የሚያውቁትን ትልቁን ነገር ነው መስፈሪያ ያደረጉት። መልስ ስትጽፉ "ግጥሙ ሃይማኖትን ያቃልላል" ከማለታችሁ በፊት ፍቅርን ወደዚያ ከፍታ ሊያወጣ እየሞከረ እንደሆነ አስቡበት።

አንድ ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚተነተን ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?

አጭር ግን ከባድ እንምረጥ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲገድሉ ሕዝቡ እንዲህ አለ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ተናጋሪው "አናውቅም" ይላል፤ ብዙ ነው። የቆመውም አምባው ላይ አይደለም። ጩኸቱን ከሩቅ ይሰማል እንጂ የሆነውን አላየም። ማለትም በመጨረሻዋ ሰዓት ከንጉሡ ጋር ያልነበረ ሕዝብ ነው። "በረከተ" ለእህልና ለሀብት የምንለው ቃል ነው፤ እዚህ የበዛው ግን ለቅሶ ነው። ስምም አልተጠራም። ቴዎድሮስ፣ ንጉሥ፣ ጃንሆይ የሚል የለም። "አንድ ሰው" ብቻ። ስም ሳይጠራ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው የሞተው።

አሁን ግነቱን እዩ። በታሪክ አንድ ሰው ብቻ አልሞተም። ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ወታደር በብዛት አልቋል። ተናጋሪው ይህን አጥቶት አይደለም። "ወንድ" ያለው በፆታ የሚቆጠረውን ሳይሆን አልማረክም ያለውን ነው። ታዲያ የቀረነውስ ምንድን ነን? ስንኙ አይመልስም፤ ግን "አናውቅም" ያሉት ሰዎች በሕይወት አሉ፣ ከ"ወንድ" ቁጥርም ውጪ ናቸው። ስለዚህ ግጥሙን እንደ ሙገሳ ብቻ ማንበብ ያጎድለዋል። የተረፉ ሰዎች ኃፍረትም አለበት። ጭብጡን "በውርደት ከተረፈው ሁሉ ይልቅ እምቢ ብሎ የሞተው አንዱ ሰው ሆኖ ተቆጠረ፤ የተረፈውም ይህን ያውቃል" ብዬ እጽፈዋለሁ። ጀግንነትን ለወንድ ብቻ መስጠቱን ዛሬ የማይቀበል አንባቢ ብዙ ነው። ያም ትክክል ነው። በመጀመሪያ ግጥሙ ያለውን በታማኝነት ጻፉ፣ ከዚያ ተከራከሩት።

መጨረሻው ላይ ምክር ከተጻፈ፣ ጭብጡ እሱ ነው ማለት ነው?

ለመነሻ ያህል አዎ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። የከበደ ሚካኤልን "አዝማሪና ውሃ ሙላት" ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። አዝማሪ ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ ይዘፍናል። መንገደኛ ምን ትሠራለህ ሲለው፣ ውሃው ራርቶ ያሻግረኝ ብዬ እያሞገስኩት ነው ይላል። መንገደኛው ከንቱ ድካም እንደሆነ ይነግረዋል። መዝጊያው ሰሚ ከሌለ መናገር ከንቱ ነው የሚል ነው።

ግን ያን ምክር ማን ነው የሚሰጠው? እዚህ ከአንድ በላይ ድምፅ አለ፦ ታሪኩን የሚተርክልን፣ አዝማሪው፣ መንገደኛው። አዝማሪው ውሃውን እንደ ጌታ ነው የሚያየው። ሥራው ባለሥልጣንን አሞግሶ መኖር ስለሆነ፣ የሚያውቀውን ዘዴ ነው የሞከረው። ያን ሰውኛ ዘይቤ ይዘን ብንሄድ ወንዙ ወንዝ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የማይሰማ ኃያል ሁሉ ይሆናል። "ለማይሰማ አትናገር" እና "ኃይለኛን በውዳሴ ማብረድ አይቻልም" የተለያዩ ጭብጦች ናቸው። ሁለተኛውን እኔ አስበልጠዋለሁ፤ ግጥሙ የመረጠው አዝማሪን እንጂ ገበሬን ወይም ነጋዴን አይደለምና።

የዘመኑን ታሪክ ካላወቅሁ ግጥሙ አይገባኝም?

ይለያያል። የፍቅር ግጥም ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ ይቆማል። የታሪክ ግጥም ግን አንድ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ስለ ዐድዋ የሚባለውን ተመልከቱ፦

ምኒልክ ተወልዶ ባያነሳ ጋሻ፣
ግብሩ ዕንቁላል ነበር ይኸን ጊዜ አበሻ።

በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃና መድፍ ነው። "ጋሻ ማንሳት" ግን ጦር መክተት ማለት ሆኖ ቆየ፤ አንዱ ዕቃ ለጠቅላላው ዘመቻ ቆሟል። "ዕንቁላል" ደግሞ ግብር ምን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ያማል። ግብር በማር፣ በእህል፣ በከብት ሲከፈል የኖረበት አገር ነው። የዶሮህን ዕንቁላል እንኳ ቆጥሮ የሚወስድ ገዥ ሊመጣብህ ነበር ማለት ነው። ይህን ካላወቃችሁ ዕንቁላሉ ስንኙን ለመሙላት የገባ ይመስላችኋል።

ፈተና ላይ ዘይቤውን በትክክል ለይቼ ለምን ሙሉ ነጥብ አላገኝም?

"ሰውኛ ዘይቤ ነው" የሚለው መልስ ግማሽ ስለሆነ ነው። ሦስት ነገር አያይዙ፦ ቃሉን ከግጥሙ ጥቀሱ፣ ዘይቤውን ሰይሙ፣ ከዚያ በአንባቢው ስሜት ወይም በጭብጡ ላይ ምን እንደጨመረ ተናገሩ። ሦስተኛው ነው ነጥቡ ያለበት። "ግጥሙን ያሳምረዋል" የሚለውን መልስ ግን እርሱት። ለማንኛውም ግጥም የሚሠራ መልስ ለየትኛውም አይሠራም።

እኔ የተረዳሁት ከአስተማሪዬ ቢለይስ? ትክክለኛው መልስ አንድ ነው?

አንድ አይደለም፤ ሁሉም መልስ ግን ትክክል አይደለም። መለኪያው ግጥሙ ነው። ያነበባችሁት ትርጉም ከስንኞቹ ሁሉ ጋር ይስማማል? ወይስ አንዱን ስንኝ ለማዳን ሌላውን መርገጥ አለባችሁ? የመቅደላውን ግጥም "ሴቶችን ለማስታወስ የተገጠመ ነው" የሚል ሰው "የሴቱን" የሚለውን ቃል ይዟል፤ "አናውቅም" የሚለውን ግን ጥሎታል።

ቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪ ከመምህሩ የተለየ ወርቅ ሊያወጣ ይችላል፤ ግን በሰዋስው አስሮ ማስረዳት አለበት። እናንተም ስንኝ ጠቅሳችሁ ተሟገቱ።

አዝማሪ ቤት "ተቀበል" ተብሎ በተሰጠ ግጥም ተናጋሪው ማን ነው?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው። ዜማ አልብሶ የሚያወጣው አዝማሪው ነው። "እኔ" የሚለው ግን አንዳንዴ ሁለቱንም አይደለም፤ ታዳሚው በአንድ ባልንጀራው ስም አስመስሎ የሰጠው ሊሆን ይችላል። ስንኙ ቢያስቆጣ ደግሞ ሰጪው "እኔ መች ዘፈንኩ" ይላል፤ አዝማሪውም "የተሰጠኝን ነው ያልኩት" ይላል። ኃላፊነቱ በሁለቱ መሃል ይጠፋል። በሰምና ወርቅ ላይ ይህ ሲጨመርበት፣ ፊት ለፊት የማይባል ነገር ይባላል።

ሙሾም እንዲሁ ነው። አልቃሿ ለቤተሰቡ ባዕድ ልትሆን ትችላለች። ግን አንዱን ስንኝ በሚስቱ አፍ፣ ቀጣዩን በእናቱ፣ ሌላውን በሟቹ በራሱ አፍ ታወጣለች። እንዲህ ያለ ግጥም ሲገጥማችሁ "ተናጋሪው እከሌ ነው" ብላችሁ ለመዝጋት አትቸኩሉ። በየስንኙ ማን እንደሚናገር ዳር ላይ ጻፉ፤ ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ አስምሩበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቃል በሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? "ምነው ጥለኸኝ ሄድክ" የሚለውን እናት ስትለው አንድ ነገር ነው፤ ሚስት ስትለው ሌላ ነው።